ስድስት የፈረንሳይ ቀይ ወይን፣ አሥራ ሁለት ቀማሽ፦ ደሴ ላይ የጭፍን ቅምሻ እንዴት እናዘጋጅ?

የሮቢቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴና ኮምቦልቻ የምንኖር 12 ሰዎች የወይን ጠጅ ማኅበር አለን። ሐምሌ ላይ ደሴ በሚሆነው ስብሰባ ስድስት የፈረንሳይ ቀይ ወይን በጭፍን፣ መለያው ተሸፍኖ ማለት ነው፣ ሊቀመስ ታስቧል። ጠርሙሶቹ ተገዝተዋል፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፦ ፖያክ 2010፣ ሳንቴሚሊዮን 2010፣ ዠቭሬ ሻምበርታን 2015፣ ኮርናስ 2015፣ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ 2016 እና ሞርጎን 2019።

የተለመደው አሠራራችን ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ለጥፎ፣ ከ20 ነጥብ መስጠት ነው። ችግሮቹ እነዚህ ናቸው። ጠርሙሱ ገና ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ «ይሄማ ቡርጎኝ ነው» የሚል አይጠፋም። ሁለት ደፋሮች ቀድመው ከተናገሩ ሌላው ይከተላቸዋል። ነጥቡ ደግሞ ሁሉም 15 እና 16 ላይ ይከማቻል፤ ማን እንደበለጠ አይታወቅም።

ያለን ብርጭቆ 40 ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፤ ዲካንተር (ወይን ተገልብጦ አየር የሚያገኝበት ሰፊ ዕቃ) ሁለት ብቻ። አሸፋፈኑን፣ የአቀዳዱን መጠን፣ የትኛው አስቀድሞ መከፈት እንዳለበት፣ ለደሴ የሐምሌ ብርድ የሚሆነውን ሙቀትና የውጤት አያያዙን የሚያውቅ ቢነግረን።

ቦርከና ማዶ

እህቴ፣ ከመጠቅለያው በፊት ዝርዝሩን እንይ። ሁለቱ ከቦርዶ፣ ሁለቱ ከሮን ሸለቆ (አንዱ ከሰሜኑ፣ አንዱ ከደቡቡ)፣ አንዱ ከቡርጎኝ፣ አንዱ ከቦዦሌ ናቸው። እንዲህ የተራራቁ ወይኖችን ደርድሮ «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ ስለ ወይኑ ምንም አይናገርም። ቀለል ያለ የሚወድ ሞርጎንን፣ ከበድ ያለ የሚወድ ሻቶኔፍን ያስቀድማል፤ በቃ። ለዚህ ዝርዝር የሚስማማው ጥያቄ «የትኛው ብርጭቆ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ስድስቱን ስሞች በወረቀት ለሁሉም ስጡ፤ ቀማሹ ስምና ብርጭቆ ያገናኝ። ስም ሳይሰጡ ገምቱ ማለት ለባለሙያዎች ፈተና ይሆናል እንጂ ለማኅበር አይመችም፤ ሰዉ ተስፋ ቆርጦ የጎረቤቱን መልስ ይገለብጣል።

በ40 ብርጭቆ ሁለት ዙር፣ ሦስት ሦስት ወይን ቅዱ። 36 ብርጭቆ ይያዛል፣ 4 መጠባበቂያ ይተርፋል። አከፋፈሉን ግን በዕጣ አታድርጉት። የወይን ዝርያዎቹን ብናይ የሞርጎን ጋሜ፣ የዠቭሬ ፒኖ ኖዋር እና ሻቶኔፍ ውስጥ የሚበዛው ግሬናሽ ሦስቱም ቀለማቸው ሳሳ ያለ ነው፤ አንደኛው ዙር እነሱ ይሁኑ። ሳንቴሚሊዮን፣ ፖያክና ኮርናስ ጠቆር ስለሚሉ ሁለተኛው ዙር ይድረሳቸው። ስድስቱን አንድ ላይ ብታቀርቡ ግማሹ መልስ ከቀለሙ ብቻ ይገኛል፤ አፍንጫና ምላስ ሥራ ይፈታሉ።

አሁን ወደ መሸፈኑ። ጋዜጣ አይበቃም። የቦርዶ ጠርሙስ ትከሻው ቀጥ ያለ ነው፤ የቡርጎኝ፣ የቦዦሌና የሮን ጠርሙስ ደግሞ ትከሻው ተዳፋት ነው። በጋዜጣም፣ በካልሲም፣ በከረጢትም ውስጥ ይታወቃል። ቡሹ ላይም አብዛኛውን ጊዜ የአምራቹ ስምና ዓመቱ ታትሟል። ስለዚህ ስድስት አንድ ዓይነት ባዶ ጠርሙስ አዘጋጁ፤ የተጠጣ የአገር ውስጥ ወይን ጠርሙስ ይሆናል። መለያውን በለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ላጡት፣ ያለ ሳሙና ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ አፉን ቁልቁል ደፍታችሁ አንድ ሌሊት አድርቁት። ሲቀርብ ሽታ የሌለው መሆኑን አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አረጋግጡ።

አዘጋጁም ራሱ መቅመስ የሚፈልግ ከሆነ ሥራውን ለሁለት ሰው ክፈሉት። የመጀመሪያው ሰው ለብቻው ክፍል ውስጥ ይከፍታል፣ ወይኖቹን ወደ ባዶዎቹ ጠርሙሶች በኢምቡቶ ያዛውራል፣ በየጠርሙሱ አንገት ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ የሚል ወረቀት ያስራል፣ መፍቻውን ፖስታ ውስጥ ያሽጋል። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያው ሲወጣ ይገባል፤ ፊደሎቹን አንስቶ በሦስት አኃዝ ቁጥሮች ይተካቸዋል (ለምሳሌ 417፣ 862፣ 295)፣ የእሱንም መፍቻ በሌላ ፖስታ ያሽጋል። ሁለቱ ፖስታዎች ካልተገናኙ ማንም አያውቅም። አንዱ ሰው የትኞቹ ሦስቱ አንደኛ ዙር እንደሆኑ ለሌላው መንገር አለበት፤ ከዚያ ያለፈ አይነጋገሩ። ከ1 እስከ 6 መቁጠሩን ተዉት፤ «1» የተባለው ብርጭቆ ሳይቀመስ ከፍ ያለ ይመስላል፣ ሰዉም ቁጥሩን ከደረጃ ጋር ያምታታዋል።

መጠኑ 50 ሚሊ ሊትር ይሁን። ለቅምሻ የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ ብርጭቆ (ኢሶ 3591) 215 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ የሚቀዳበትም 50 ነው። 12 ሰው ሲባዛ በ50፣ 600 ይሆናል። ከ750ው ጠርሙስ 150 ይቀራል፤ ከዚያ ውስጥ ከ30 እስከ 50 ለዝቃጭ ቢሄድ 100 ያህል መልሶ ለማየት ይተርፋል። በዓይን አትገምቱ። አንዱ ብርጭቆ ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ለክታችሁ ጨምሩ፣ ከውጭ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ ቀጂው አጠገቡ አስቀምጦ እያስተያየ ይቅዳ። ለሁሉም እኩል ካልደረሰ ብዙ የደረሰው ሰው ወይን ከሌላው የተለየ ይመስላል፣ በተለይ ሽታው።

ሁሉም ቢዋጥ አንድ ሰው 300 ሚሊ ሊትር ጠጣ ማለት ነው። የአልኮሉ መጠን 13.5 በመቶ ነው ብንል 32 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይሆናል። በዚያ ላይ የኮምቦልቻዎቹ ማታ የሐረጎን ቁልቁለት በመኪና ሊወርዱ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ውስጡ የማይታይ የወረቀት ኩባያ ለመትፊያ ስጡ፤ የጋራ ባልዲ ሰው ያፍርበታል፣ አፍሮም ይውጣል። ሾፌሩም አስቀድሞ ይወሰን።

በመጨረሻም፣ ሁሉንም ብርጭቆ በሽታ ሳይዞሩ ማንም አንድ ጉንጭ እንዳይቀምስ። ሻቶኔፍ 14.5 እና 15 በመቶ ይደርሳል፤ ከእሱ የጀመረ ሰው ፒኖው ውሃ ይሆንበታል።

ሐረጎ ቁልቁል

ጋሼ ቦርከና ባሉት ላይ የሙቀቱንና የጠርሙሱን ጤና ልጨምር፤ አብዛኛው ቅምሻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

«ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይጠጣል» የሚለው አባባል ለደሴም ለኮምቦልቻም አይሠራም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሐምሌ ማታ ቤቱ ከ16 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ኮምቦልቻ በሰኔ ቀን 30 አካባቢ ትደርሳለች። ወይን ሲቀዘቅዝ ታኒኑ (ምላስና ድድ የሚያደርቀው) ይገንናል፣ ሽታው ይታፈናል፤ ሲሞቅ ደግሞ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ ፍሬው ይላላል። ፖያክ 2010 በ13 ዲግሪ ከቀረበ ማንም አይወደውም፤ ጥፋቱ የወይኑ አይደለም።

አንደኛውን ዙር በ15 ወይም 16፣ ሁለተኛውን በ17 ወይም 18 ዲግሪ አቅርቡ። ሞርጎን ብቻውን ቢሆን ከዚህም ቀዝቀዝ ቢል ይስማማዋል። ግን በጭፍን ቅምሻ የአንድ ዙር ወይኖች ሙቀት እኩል መሆን ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ቅዝቃዜው ራሱ «እኔ ሞርጎን ነኝ» ይላል። በእጅ ዳሰሳ አትመኑ፣ በወጥ ቤት ቴርሞሜትር ለኩ። ከቀዘቀዘ ጠርሙሱን ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ አቁሙና በየ5 ደቂቃው ለኩ። ምድጃ ወይም ከሰል አጠገብ ማቆም ክልክል ነው፤ የጠርሙሱ አንዱ ጎን ይሞቃል፣ ሌላው እንደቀዘቀዘ ይቀራል። ስብሰባው ወደ ኮምቦልቻ ከዞረ በተቃራኒው ፍሪጅ ውስጥ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይቀመጥና ይለካ።

ጠርሙሱ ከአዲስ አበባ በመኪና ከመጣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተንጧል። የ2010 ፖያክና የ2015 ኮርናስ ዝቃጭ ይዘው ይሆናል፤ ከተበጠበጠ ወይኑ ድፍርስ፣ ጣዕሙም ሸካራና መራራ ይሆናል። ስድስቱንም ቢያንስ ሦስት ቀን ቀጥ አድርጋችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ አቁሟቸው። በዕለቱ ወደ ስብሰባው ቤት መውሰድ ዝቃጩን መልሶ ማንሳት ነው፤ ከቀናት በፊት እዚያው ቤት ይግቡ። ስታዛውሩ የስልክ መብራት ከአንገቱ በታች አድርጉ፤ ጭስ የመሰለ ክር ወደ አንገቱ ሲመጣ አቁሙ።

የአከፋፈቱ ሰዓት፦ ፖያክ ቅምሻው ሊጀመር ሦስት ሰዓት ሲቀረው፣ ኮርናስ ሁለት ሰዓት፣ ሳንቴሚሊዮን ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት፣ ሻቶኔፍ አንድ ሰዓት ሲቀረው ይዛወሩ። ዲካንተሩ ሁለት ስለሆነ ለፖያክና ለኮርናስ ይዋል፤ ለሌሎቹ ሰፊ የብርጭቆ ጆግ ይበቃል። አየር ካገኙ በኋላ ነው ወደ አንድ ዓይነቶቹ ባዶ ጠርሙሶች የሚገቡት። ዠቭሬን ዲካንተር ውስጥ አታንከራቱት፤ አንድ ሰዓት ሲቀረው ክፈቱ፣ ትንሽ ቅመሱ፣ ሊቀርብ ሲል በቀስታ አዛውሩት። የፒኖ ሽታ ስስ ነው፣ ብዙ አየር ያባክነዋል። ሞርጎን ልዩ ዝግጅት አይሻም።

የሚከፍተው ሰው እያንዳንዱን መመርመር አለበት። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተና ፍሬው ከጠፋ የቡሽ በሽታ ነው፤ ቲሲኤ የሚባል ውሁድ ያመጣዋል፣ በአንድ ሊትር ጥቂት ናኖግራም ይበቃዋል። አየር አያድነውም፣ እንዲያውም ያብስበታል። ያ ጠርሙስ ይውጣ። የተቀቀለ እንቁላል ወይም የተጫረ ክብሪት ሽታ ከሆነ ግን አየር አጥቶ ነው፤ ዲካንተር ውስጥ ተንጦ 20 ደቂቃ ቢቀመጥ ብዙ ጊዜ ይለቀዋል። ኮርናስ የሚሠራበት ሲራ የሚባለው ዝርያ ላይ ይህ የተለመደ ነውና ኮርናስን ቸኩላችሁ አትጣሉ። የጥፍር ቀለም ሽታ የኮምጣጤ ባክቴሪያ ሥራ ነው፣ አይለቅም። የፈረስ ኮርቻ ወይም የጋጣ ሽታ ብሬታኖማይሲስ ከሚባል እርሾ ይመጣል፤ ትንሹን የሚወዱ አሉ፣ ሲበዛ ግን ወይኖቹን ሁሉ አንድ ያደርጋቸዋል።

አንድ ለኛ አገር የሚብስ ነገር አለ፦ ሙቀት። ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ውስጥ ከቆየ ክረምቱ ሳይሆን በጋው የት እንዳገኘው ነው ነገሩ፤ እዚያ በእነሱ በጋ 40 ዲግሪ ማለፍ የተለመደ ነው። ቡሹ ከአፉ ከፍ ካለ፣ የአንገቱ ሽፋን ሥር የደረቀ ወይን ካለ፣ ሽፋኑን በጣት ስታዞሩት ተጣብቆ አልዞር ካለ ጠርጥሩ። ተከፍቶም የማርማላታ ሽታ ካለውና ጣዕሙ ቶሎ ከጠፋ ተቀቅሏል። ስድስቱንም ዛሬውኑ ፈትሹ፤ በዕለቱ ቢታወቅ መተኪያ ደሴ ላይ አይገኝም።

ላኮመልዛ

ስለ ውጤቱ ልናገር፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸወደው እዚህ ነው።

ስድስት ስም ከስድስት ብርጭቆ ጋር ዝም ብሎ በዕጣ ያገናኘ ሰው በአማካይ አንድ ያገኛል። ቢያንስ አንድ የማግኘት ዕድሉ 63 በመቶ ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ በዕድል ብቻ የሚገኘው ከመቶ 8 ጊዜ ያህል፤ አራትና ከዚያ በላይ ከመቶ 2 ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ «ሁለት አገኘሁ» ብሎ የሚኮራ ሰው ካለ ጭብጨባውን ቆጥቡ፤ አራት ያገኘ ግን ዕውቀት አለው ማለት ይቻላል። ከ12 ሰው አንዱ ሦስት ቢያገኝ ምንም አያስደንቅም፣ በዕድል ብቻ ከ12 አንዱ ሊደርስበት የሚገባ ነው። ለዚህ ስሌት እንዲመች ግን ዙር ሲያልቅ መልስ አትንገሩ። ሁለቱም ዙር አልቆ ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ፖስታዎቹ አንድ ላይ ይከፈቱ።

ነጥብ ከ20 መስጠቱን ተዉት። ሁሉም 15 እና 16 ላይ የሚቆመው ሰዉ መጥፎ ነጥብ መስጠት ስለሚፈራ ነው። ደረጃ አስይዙ፦ በጣም የወደደውን 1፣ የመጨረሻውን 6፣ እኩል አይፈቀድም። ለእያንዳንዱ ወይን የ12ቱን ሰዎች ደረጃ ደምሩ። ሁሉም ወይን እኩል ቢወደድ ድምሩ 42 አካባቢ ይሆናል። ከመቅመሱ በፊት የመረጣችኋቸውን ሁለት ወይኖች (ለምሳሌ ፖያክና ሳንቴሚሊዮን) ስታወዳድሩ የድምሩ ልዩነት ከ18 በታች ከሆነ በለጠ አትበሉ። ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ሁሉንም እርስ በርስ የምታወዳድሩ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ከ26 ማለፍ አለበት። ይሄ ሰዎችን ያበሳጫል፣ አውቃለሁ፤ «አንደኛ» የሚባል ወይን የማይወጣበት ማታ ብዙ ነው። በፈረንጆች ሜይ 24 ቀን 1976 ፓሪስ ላይ ፈረንሳውያን ዳኞች የካሊፎርኒያውን ስታግስ ሊፕ 1973 ከቦርዶው ሙቶን ሮትሺልድ 1970 በላይ ያስቀመጡበት ዝነኛ ቅምሻ እንኳ የሁለቱ ልዩነት እጅግ ጠባብ ነበር፤ ዓለም ግን የያዘው «አሸነፈ» የሚለውን ብቻ ነው።

ስለ ሁለቱ ደፋሮች፦ ወረቀቱ በብዕር ተሞልቶ እስኪሰበሰብ ወሬ የለም። ፊት ማጨማደድም፣ «እህ» ማለትም ያው ወሬ ነው፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ሳይሆን ግድግዳ ግድግዳውን ዙሪያ ቢቀመጡ ይሻላል። ግማሹ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ከቀኝ ወደ ግራ ይቅመስ፤ የመጀመሪያው ብርጭቆ ሁሌ የሚያገኘው ጥቅም ይጣፋል።

የማኅበሩን ወጥነት ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሌላ ጊዜ ከስድስቱ ብርጭቆ ሁለቱ ውስጥ አንዱን ወይን ደግማችሁ ቅዱ፣ ለማንም ሳትነግሩ። አንድ ሰው ያንኑ ወይን 1 እና 6 ብሎ ካስቀመጠው የዚያ ማታ ደረጃው አይቆጠር።

የሮቢቷ

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ያክብራችሁ፤ ሁሉም የሚሠራ ነገር ነው። ሦስት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ቡናና ምግብ መቼ ይምጣ? ሁለተኛ፣ ቀማሾቻችን «ካሲስ»፣ «ሴዳር» የሚለውን ከመጽሔት ያነቡታል እንጂ ሽታውን አያውቁትም፤ ምን ይደረግ? ሦስተኛ፣ አንድ አባል የዝዋይን ወይን በስውር እንጨምር ይላል፤ ይጠቅማል ወይስ ጨዋታውን ያበላሻል?

ጢጣ

ከመጀመሪያው ልጀምር። ዕጣን በዚያ ቤት ከጠዋት ጀምሮ አይጨስ። ቡና ከቅምሻው በኋላ ይቆላ፤ ጭሱ መጋረጃና ጋቢ ውስጥ ገብቶ ሰዓታት ይቆያል። ሽቶም፣ የእጅ ቅባትም ለማንም አይፈቀድ፤ ግብዣው ላይ አስቀድሞ ይጻፍ። ምላስ ለማጽዳት ቅመም የሌለው ፉርኖ ዳቦና ጋዝ የሌለው ውሃ ይበቃል። አምቦ ውሃ ለዚህ አይሆንም፤ ጋዙ ምላስን ይቆነጥጣል። እንጀራም ኮምጣጣ ስለሆነ የወይኑን አሲድ ይደብቃል። አይብና ሥጋ ታኒኑን ያለሰልሳሉ፣ ሚጥሚጣ የነካው ምላስ ደግሞ ቶሎ አይመለስም። ስብሰባው ከፍልሰታ በፊት ስለሆነ ሥጋ መኖሩ አይቀርም፤ ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ይምጣ።

ሽታውን በተመለከተ የፈረንሳይን ፍሬ ፍለጋ አትሂዱ። ስድስት ትንንሽ ክዳን ያላቸው ብርጭቆዎች ውስጥ በቅርብ ያለውን አስቀምጡና ሰዉ ከቅምሻው በፊት ያሽትት። ከተሰነጠቀ ግማሽ ሰዓት የቆየ ቃሪያ ለካበርኔ፣ ለፖያክ ዋና ዝርያ፣ ነው፤ ካበርኔ ሶቪኞንም ካበርኔ ፍራንም ውስጥ ያለው ፓይራዚን የሚባለው ውሁድ ቃሪያ ውስጥም አለ። የጥድ እንጨት ልጭ በርሜል ውስጥ ለቆየ ፖያክ ይሆናል፣ መጽሔቱ ሴዳር የሚለው እዚያው ሠፈር ነው። አዲስ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ ለኮርናስ። የበሰለ ፕሪም ለሳንቴሚሊዮን፣ ሜርሎው እዚያ ስለሚበዛ። እንጆሪ ለሞርጎንና ለዠቭሬ፤ ሁለቱን የሚለየው ግን ፍሬው ሳይሆን አፍ ውስጥ ያለው ነው፦ ጋሜ ታኒኑ ጥቂት፣ ፍሬው ፊት ለፊት የሚመጣ ነው፤ ፒኖ ታኒኑ ደቃቅ ሆኖ ከዋጡት በኋላ ይቆያል፣ ዕድሜ ሲያገኝ ደግሞ እንጉዳይና እርጥብ ቅጠል ይሸታል። ለካሲስ የሚቀርበው የበሰለ አጋም ነው፤ ልክ አንድ አይደለም፣ ጥቁሩን ፍሬና ጉምዛዜውን ግን ያስይዛል።

ስለ ቁንዶ በርበሬው አንድ ማስጠንቀቂያ። ሲራ ውስጥ ያንን ሽታ የሚሰጠው ሮተንዶን ሲሆን፣ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ጨርሶ አይሸተውም። ከ12ታችሁ ሁለት ወይም ሦስት ሰው «የምን ቁንዶ በርበሬ?» ቢል አላዋቂ አትበሉት። እሱ ኮርናስን በቀለሙ ጥቁረት፣ በጭሱና በሥጋ ሽታው ይያዘው፤ የወይራ ጭስ የታጠነ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ለዚህ አፍንጫ አለው።

ጋሼ ቦርከና ላይ የማልስማማው አንድ አለ። ቀለሙን በአከፋፈል ለመደበቅ ብዙ አይድከሙ። ቀለም ማየት የዕውቀቱ አካል ነው፤ ነጭ ወረቀት ላይ ብርጭቆውን አጋድሞ ጠርዙን ማየት ዕድሜንም ይነግራል። የ2010ዎቹ ጠርዝ ወደ ጡብ ቀለም ሲሄድ ኮርናስ 2015 ገና ወይን ጠጅማ ሊሆን ይችላል።

ቦርከና ማዶ

ወንድሜ ጢጣ፣ ማየቱን አልከለከልኩም፤ ቀለም መሪ እንዳይሆን ነው። በፈረንጆች 2001 የወጣ የቦርዶ ጥናት ውስጥ 54 የወይን ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው በቀይ ወይን ቃላት ገልጸውታል። ዓይን አንዴ ከፈረደ አፍንጫ ይከተለዋል። መስማሚያ ካስፈለገ ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ሽታ፣ ቀጥሎ ጣዕም፣ ቀለም መጨረሻ ይጻፍ።

የዝዋዩ ወይን ይጠቅማል፣ ግን በዚህ ስብሰባ አይደለም። ስድስት ስም ሰጥታችሁ ሰባተኛ መደበቅ ማጭበርበር ይሆናል፣ ሰዉም ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አያምንም። ካስቴል የተባለው ኩባንያ ዝዋይ ላይ ከሲራ፣ ከሜርሎና ከካበርኔ ሶቪኞን ይሠራል። ሲራውን ከክሮዝ ኤርሚታዥ (የሰሜን ሮን ሲራ) ጋር፣ ሁለት ጠርሙስ ብቻ ይዛችሁ፣ በሦስትዮሽ ፈተና አቅርቡት፤ ያ ለብቻው አንድ ማታ ነው። እኔ በግሌ ከስድስቱ ጠርሙስ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፣ ወጪውም ቀላል ነው። ላኮመልዛ አሠራሩን ቢያስረዳ።

ላኮመልዛ

ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ብርጭቆ ይቀርባል፤ ሁለቱ አንድ ወይን፣ አንዱ ልዩ። ጥያቄው «ልዩው የቱ ነው?» ብቻ ነው። ሁለቱን ወይኖች ሀ እና ለ ብንላቸው ስድስት አደራደር አለ፦ ሀሀለ፣ ሀለሀ፣ ለሀሀ፣ ለለሀ፣ ለሀለ፣ ሀለለ። ለ12 ሰው እያንዳንዱ አደራደር ለሁለት ሰው ይድረስ። በ30 ሚሊ ሊትር ብትቀዱ ከእያንዳንዱ ወይን 18 ብርጭቆ፣ 540 ሚሊ ሊትር ይሄዳል፤ አንድ አንድ ጠርሙስ በቂ ነው። በ36 ብርጭቆ ያልቃል፣ ያላችሁም 40 ነው።

በዕድል ብቻ አራት ሰው ያገኛል። ስምንትና ከዚያ በላይ ካገኙ ማኅበሩ ሁለቱን ይለያል ማለት ትችላላችሁ። ሰባት ከሆነ አይበቃም፤ ሌላ ቀን ድገሙት። የትኛውን እንደሚወዱ የሚጠየቁት ልዩውን በትክክል የለዩት ብቻ ናቸው፤ ያልለየ ሰው ምርጫው ምንም አይነግርም። የሁለቱ ወይኖች ሙቀትና የቀለም ጥቁረት ተቀራራቢ ካልሆነ ግን ፈተናው ስለ ወይኑ መሆኑ ይቀርና ስለ ዓይን ይሆናል፤ እዚህ ላይ መብራቱን በቀይ አምፖል መተካት ይፈቀዳል።

ሐረጎ ቁልቁል

ለብርጭቆዎቹ አንድ ነገር ረሳን። ከካርቶን የወጣ ብርጭቆ ካርቶን ይሸታል፤ ሰዉም ቲሲኤ ነው ብሎ ይከራከራል። ከአንድ ቀን በፊት አውጥታችሁ በሙቅ ውሃ ብቻ እጠቡ፣ ክር በማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ አድርቁ፣ አፋቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ከሸተተ የመጨረሻውን መለቅለቂያ በታሸገ ውሃ አድርጉት። በሁለቱ ዙር መካከል ለ36 ብርጭቆ ማጠቢያ 20 ደቂቃ መድቡ፤ ሁለት ሰው ይበቃል። ሙስሊም ወዳጆቻችሁ በስብሰባው ካሉ ወይን የነካ ብርጭቆ ማጠቡንም መቅዳቱንም አታሸክሟቸው፤ ቁጥር መጻፍና ድምር መሥራት ላይ ቢያግዙ ደስ ይላቸዋል።

ከየጠርሙሱ የሚተርፈውን 100 ሚሊ ሊትር እዚያው አትጨርሱት። ሽታ በሌለው ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ አየር ሳይተርፍ ክደኑና ፍሪጅ አስገቡት። ፖያክና ኮርናስ እስከ ሦስተኛው ቀን ይቆያሉ፤ ዠቭሬን በማግሥቱ ጨርሱት።